የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ፦ የትኛው መቼ ይባላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹ እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

እንግሊዝኛ ስንት ኃላፊ ጊዜ አለው? ከየቱ ልጀምር?

በተለምዶ አራት ይቆጠራሉ፦ ሲምፕል ፓስት «አይ ኤት»፣ ፓስት ኮንቲኒዩስ «አይ ዋዝ ኢቲንግ»፣ ፓስት ፐርፌክት «አይ ሃድ ኢትን»፣ ፓስት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ «አይ ሃድ ቢን ኢቲንግ»። ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን በአምስተኛው ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት «አይ ሃቭ ኢትን» በስሙ የአሁን ጊዜ ይባል እንጂ የሚያወራው ስለተደረገ ነገር ነው።

ከሲምፕል ፓስት ጀምሩ። ያለፈ ነገር ሲወራም ሲጻፍም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ስትጠራጠሩም እሱን ብትመርጡ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም። ቀጥሎ እሱንና ፕረዘንት ፐርፌክትን መለየት ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ ሳይለዩ ወደ ሌሎቹ መሮጥ ድካም ማብዛት ነው።

ከሕግ ውጭ የሚሄዱትን፣ ማለትም በኃላፊ ጊዜ መጨረሻቸው ላይ «ኢዲ» የማይጨመርባቸውን ግሦች ሁሉ መሸምደድ አለብኝ?

በጠቅላላው ወደ 200 ገደማ ይሆናሉ፤ ለዕለት ንግግር የሚያስፈልጉት ከግማሽ በታች ናቸው። ችግሩ በጣም የምንጠቀምባቸው፣ «ቢ»፣ «ሃቭ»፣ «ዱ»፣ «ጎ»፣ «ሴይ»፣ «ጌት»፣ «ሜክ»፣ «ኖው»፣ «ቴክ»፣ «ሲ»፣ አንዳቸውም ለሕጉ የማይገዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ እነሱን ማለፍ አይቻልም።

በፊደል ተራ ከተደረደረ ሠንጠረዥ ማጥናት አድካሚ ነው። በድምፅ ብትመድቧቸው ይሻላል። «ካት»፣ «ፑት»፣ «ሂት»፣ «ኮስት» በሦስቱም ቅርጽ፣ ማለትም በመነሻው፣ በሲምፕል ፓስቱና ከረዳት ግሥ ጋር በሚመጣው፣ አይለወጡም። «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» ብላችሁ ከያዛችሁ «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ» እና «ቢጊን፣ ቢጋን፣ ቢገን» በዚያው ዜማ ይገባሉ። «ብሪንግ» ብሮት፣ «ባይ» ቦት፣ «ካች» ኮት፣ «ቲች» ቶት ይሆናሉ። «ሪድ» ደግሞ አጻጻፉ ሳይነካ ሲነበብ «ሬድ» ይባላል።

ሦስቱን ቅርጾች ሁልጊዜ አንድ ላይ፣ ድምፅ አውጥታችሁ በሏቸው። ሁለተኛው ብቻውን ይቆማል፤ ሦስተኛው ግን በኃላፊ ጊዜ «ሃቭ»ን፣ «ሃድ»ን ወይም «ዋዝ»ን የመሰለ ረዳት ግሥ ይፈልጋል። «አይ ሲን ሂም» እና «አይ ጎን ሆም» የሚሉት ስህተቶች ሦስተኛውን ቅርጽ ያለ ረዳት ከማቆም የሚመጡ ናቸው።

መጨረሻ ላይ የሚጨመረው «ኢዲ» ለምን አንዴ «ት»፣ አንዴ «ድ»፣ አንዴ «ኢድ» ይሆናል?

የሚወስነው ከፊቱ ያለው ድምፅ ነው። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና የግሡን የመጨረሻ ድምፅ በሉ። ጉሮሮው ካልነዘረ፣ ማለትም ድምፁ «ክ»፣ «ፕ»፣ «ፍ»፣ «ስ»፣ «ሽ» ወይም «ች» ከሆነ «ት» ይባላል፦ «ወርክት»፣ «ስቶፕት»፣ «ዋችት»። ከነዘረ «ድ» ነው፦ «ሊቭድ»፣ «ኮልድ»፣ «ፕሌይድ»። ግሡ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ብቻ «ኢድ» የሚል ተጨማሪ ክፍለ ቃል ይመጣል፦ «ዋንቲድ»፣ «ኒዲድ»። መታየት ያለበት ድምፁ ነው እንጂ ፊደሉ አይደለም፤ «ላፍ» አጻጻፉ ምንም ይሁን ምን በ«ፍ» ድምፅ ስለሚያልቅ «ላፍት» ይሆናል።

እኛ ዘንድ የተለመደው ስህተት «ኢድ»ን ለሁሉም ማልበስ ነው፤ «ወርኪድ»፣ «ስቶፒድ» ይባላል። ሁለተኛውን የሰማ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሰደበ ሊመስለው ይችላል።

«ዲድ ዩ ዌንት» ለምን ስህተት ሆነ? ያለፈ ነገር እየጠየቅኩ አይደለም እንዴ?

በአማርኛ «ሄድኩ»፣ «አልሄድኩም»፣ «ሄድክ ወይ?» ስንል ግሡ በሦስቱም ላይ ያለፈ ጊዜ መልኩን አይለቅም። እንግሊዝኛ ግን ማለፉን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያሳያል። «ዲድ» ከመጣ ያን ሥራ እሱ ወስዶታል፤ ዋናው ግሥ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል። «ዲድ ዩ ጎ?» ይባላል፣ «አይ ዲድንት ጎ» ይባላል።

ሁለት ቦታ ላይ «ዲድ» አያስፈልግም። «ዋዝ» እና «ወር» ራሳቸው ከፊት ይመጣሉ፦ «ወር ዩ አት ሆም?»። ጠያቂው ቃል ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆንም እንዲሁ ነው። «ማን መጣ?» «ሁ ኬም?» ነው፤ «ማንን አየህ?» ግን «ሁ ዲድ ዩ ሲ?» ይሆናል።

«በልቻለሁ» ማለት «አይ ሃቭ ኢትን» አይደለም? ታዲያ «አይ ሃቭ ኢትን የስተርደይ» ብዬ ስጽፍ ለምን ተሰረዘብኝ?

ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በአማርኛ «ትናንት ነግሬሃለሁ»፣ «አምና ከፍያለሁ» ብንል ማንም ቅር አይለውም። የእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ግን ካለቀ የጊዜ ቃል ጋር አይስማማም። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ዪርስ አጎ»፣ «ኢን 2019»፣ «ዌን አይ ዋዝ ኤ ቻይልድ» ባለበት ዓረፍተ ነገር የሚገባው ሲምፕል ፓስት ነው፦ «አይ ኤት የስተርደይ»።

መፈተኛው «መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ፣ ወይም ስለየትኛው ቀን እንደሚወራ ሁለታችሁም የምታውቁ ከሆነ ሲምፕል ፓስት ይሁን። ጊዜው ሳይሆን ውጤቱ ከሆነ የሚፈለገው ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ኤምባሲ ገብቶ «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ፓስፖርት» ይላል፤ ፓስፖርቱ አሁንም በእጁ የለም። የት እና መቼ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወዲያው ይቀይራል፦ «አይ ሎስት ኢት ኦን መንዴይ፣ አት ዚ ኤርፖርት»። የእንግሊዝኛ ዜና ስትሰሙ ልብ ብትሉ፣ ወሬው በፕረዘንት ፐርፌክት ተከፍቶ ዝርዝሩ በሲምፕል ፓስት ይቀጥላል።

«ዚስ ሞርኒንግ» ዓይነቱ ቃል በሰዓቱ ይወሰናል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «አይ ሃቭ ሃድ ቱ ኮፊስ ዚስ ሞርኒንግ» ይባላል፤ ጠዋቱ ገና አላለቀም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለዚያው ቡና ሲወራ «አይ ሃድ ቱ ኮፊስ ዚስ ሞርኒንግ» ይሆናል። በአሉታ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ የ«በላሁ»ም የ«በልቻለሁ»ም አሉታ «አልበላሁም» ስለሆነ አማርኛው አይለይላችሁም። «ገና አልበላሁም» «አይ ሃቭንት ኢትን ዬት» ነው፤ «ትናንት አልበላሁም» ግን «አይ ዲድንት ኢት የስተርደይ» ነው።

«ልጁ ተኝቷል» ለማለት «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ብል ይሆናል?

አይሆንም። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» የሚለው እንቅልፉን ጨርሷል ወደሚል ያዘነብላል። የኛ «ተኝቷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ለብሷል» አሁን ያለበትን ሁኔታ ስለሚናገሩ በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ናቸው፦ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጃኬት»። «ርቦኛል» እና «ደክሞኛል»ም «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ታይርድ» ናቸው። ከደጅ ሲጠሩን «መጣሁ!» የምንለው ደግሞ «አይ አም ካሚንግ» ነው፤ «አይ ኬም» ብትሉ ጠሪው ግራ ይጋባል።

«ፎር»፣ «ሲንስ» እና «አጎ» ይምታቱብኛል። እንዴት ልለያቸው?

«ፎር» የጊዜ ርዝመት ይለካል፣ «ሲንስ» መነሻውን ይጠቁማል፣ «አጎ» ከዛሬ ወደኋላ ይቆጥራል። «ፎር ትሪ ዪርስ» ሦስት ዓመት ሙሉ፣ «ሲንስ 2021» ከ2021 ጀምሮ፣ «ትሪ ዪርስ አጎ» ከሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው። «ሲንስ ትሪ ዪርስ» አይባልም። «አጎ» ያለበት ዋና ግሥ በሲምፕል ፓስት ይሆናል።

ነገሩ እስከ ዛሬ ከቀጠለ «ፎር»ም «ሲንስ»ም «ሃቭ» ይፈልጋሉ። «ዱባይ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው» የሚል ሰው «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ዱባይ ፎር ትሪ ዪርስ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ይበል። «አይ ሊቭድ ኢን ዱባይ ፎር ትሪ ዪርስ» ካለ ሰሚው ከዱባይ መውጣቱን ነው የሚረዳው። ይህ ልዩነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ አሁን ስላላችሁበት መሥሪያ ቤት «አይ ወርክት ዜር ፎር ፋይቭ ዪርስ» ካላችሁ ለቃችኋል ማለት ነው፣ ቀጣዩም ጥያቄ ለምን ለቀቅክ የሚል ይሆናል። «አይ ሊቭ ሂር ፎር ትሪ ዪርስ» ማለትም አያዋጣም።

ከ«ሲንስ» ቀጥሎ የምትጽፉት ዓመት የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ትደምራላችሁ። የካቲት 2013 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው «ሲንስ 2021» ይላል።

«ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» እና «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ልዩነት አላቸው?

አላቸው። «ጎን» ሄዳለች፣ አሁን እዚህ የለችም ማለት ነው። «ቢን» ሄዳ ታውቃለች፣ ተመልሳለችም ማለት ነው። ስለ ራሳችሁ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ላሊበላ» ስትሉ እዚህ ቆማችሁ እያወራችሁ ስለሆነ እንግዳ ይመስላል፤ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ላሊበላ» በሉ።

አሜሪካኖች «ዲድ ዩ ኢት ዬት?» ሲሉ እሰማለሁ። ተሳስተው ነው?

አልተሳሳቱም። በአሜሪካ ንግግር «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ዬት» ከሲምፕል ፓስት ጋር በነፃነት ይሄዳሉ፦ «አይ ጀስት ኤት»፣ «ሂ ኦልሬዲ ሌፍት»። በብሪታንያ በአብዛኛው «ሃቭ ዩ ኢትን ዬት?»፣ «አይ ሃቭ ጀስት ኢትን» ይባላል። የፈተና ወረቀት ላይ የ«ሃቭ»ን መልክ ብትመርጡ በሁለቱም አገር ትክክል ስለሆነ ከክርክር ትድናላችሁ።

«ሲመጣ በላን»፣ «ሲመጣ እየበላን ነበር»፣ «ሲመጣ በልተን ነበር»፤ እነዚህን በእንግሊዝኛ እንዴት ልለያቸው?

እዚህ ላይ አማርኛችሁን እመኑት። «ዌን ሂ ኬም፣ ዊ ኤት» መጣና ከዚያ በላን ነው። «ዌን ሂ ኬም፣ ዊ ወር ኢቲንግ» መሐል ላይ ደረሰብን ነው። «ዌን ሂ ኬም፣ ዊ ሃድ ኢትን» ምግቡ አልቆ ደረሰ ነው። ረጅሙ ድርጊት በፓስት ኮንቲኒዩስ፣ ያቋረጠው በሲምፕል ፓስት ይገባል፦ «ዋይል አይ ዋዝ ኩኪንግ፣ ዘ ፎን ራንግ»።

ድርጊቱ ረጅም ጊዜ ስለወሰደ ብቻ ኮንቲኒዩስ አይሆንም። አሥር ዓመት ሠርቶ የለቀቀ ሰው «አይ ወርክት ዜር ፎር ቴን ዪርስ» ይላል፤ በመሐል የሆነ ሌላ ነገር ካላነሳ «ዋዝ ወርኪንግ» አያስፈልገውም። «ኖው»፣ «ዋንት»፣ «ቢሊቭ» እና «ኦውን» ዓይነት የሁኔታ ግሦችም ይህን መልክ አይወዱም። «አይ ዋዝ ኖዊንግ ሂም» አይባልም፣ «አይ ኒው ሂም» ነው።

«ነግሬህ ነበር» ካልኩ «አይ ሃድ ቶልድ ዩ» ልበል?

አብዛኛውን ጊዜ «አይ ቶልድ ዩ» ይበቃል። የኛ «ነበር» ብዙ ሥራ አለው፤ ወቀሳም፣ ማስታወሻም፣ ትሕትናም ይሆናል። ረዳት ግሥ የሆነው የእንግሊዝኛው «ሃድ» ግን ዋና ሥራው አንድ ነው፦ ከአንድ ካለፈ ነገር በፊት ሌላ ነገር መፈጸሙን ማሳየት። ስለዚህ ሁለት ያለፉ ነጥቦች ከሌሉ «ሃድ» አይገባም። «አይ አራይቭድ አት ዘ ስቴሽን፣ ባት ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ላይ ሁለት አሉ፤ አውቶቡሱ አስቀድሞ ሄዷል።

«ቢፎር» እና «አፍተር» ቅደም ተከተሉን ራሳቸው ስለሚናገሩ «ሃድ»ን መተው ይቻላል፦ «አፍተር ሺ ፊኒሽት ስኩል፣ ሺ ሙቭድ ቱ አዳማ»። በአማርኛ ተናጋሪ ድርሰት ውስጥ በጣም የሚበዛው የ«ሃድ» ጋጋታ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን «ሃድ» ቁሙና «ከምን በፊት?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ካጣችሁለት ሰርዙት።

«በልጅነቴ እዋኝ ነበር» የሚለው በ«ዩዝድ ቱ» ነው ወይስ በ«ዉድ»?

ለተደጋገመ ድርጊት ሁለቱም ይሆናሉ፤ «ዉድ» ግን ስለ ድሮ እየተወራ መሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለሁኔታ «ዩዝድ ቱ» ብቻ ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ጎንደር» በሉ፤ «አይ ዉድ ሊቭ ኢን ጎንደር» ካላችሁ ሰሚው ጎንደር ብኖር ደስ ይለኛል ያላችሁ ይመስለዋል። አንዴ ብቻ ለሆነ ነገር ሁለቱም አይገቡም።

«አይ ዋዝ ዩዝድ ቱ ዘ ኮልድ» ሌላ ነገር ነው፤ ብርዱን ለምጄው ነበር ማለት ነው።

«ተወለድኩ» «አይ ዋዝ ቦርን» ከሆነ፣ «ተከሰተ» ለምን «ዋዝ ሀፐንድ» አይሆንም?

የአማርኛው «ተ» ሁልጊዜ የእንግሊዝኛውን «ዋዝ» አይጠራም። «ተወለድኩ» ላይ ይጠራል፤ «አይ ቦርን ኢን ደሴ» ስህተት ነው፣ «አይ ዋዝ ቦርን ኢን ደሴ» ነው። «ተከሰተ» ግን «ኢት ሀፐንድ»፣ «ተመረቅኩ» «አይ ግራጁዌቲድ»፣ «ተመለሰ» «ሂ ሪተርንድ» ነው። ድርጊቱን በባለቤቱ ላይ የሚፈጽም ሌላ አካል በእንግሊዝኛው ሐሳብ ውስጥ ከሌለ «ዋዝ» አይጨመርም። ከ«ተ» ጋር ባይያያዝም «ሂ ዋዝ ዳይድ» የሚለው ስህተትም ከዚሁ ጎራ ነው፤ «ሂ ዳይድ» ነው የሚባለው።

በሲቪና በዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ የትኛውን ልጠቀም?

ሲቪ ላይ የለቀቃችሁት ሥራ በሲምፕል ፓስት፣ ያላችሁበት ሥራ በአሁን ጊዜ ይጻፋል፤ «አይ» አይጻፍም። «ማኔጅድ ኤ ቲም ኦፍ ሲክስ» ለቀድሞው፣ «ማኔጅ ኤ ቲም ኦፍ ሲክስ» ለአሁኑ።

የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ የሆነው ኤን-400 ቅጽ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ጥያቄዎች አሉት፤ መርማሪውም ፊት ለፊት ይጠይቃቸዋል። «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን አረስቲድ?» ማለት በሕይወትህ አንድም ጊዜ ታስረህ ታውቃለህ ማለት ነው። ጥያቄው ራሱ ካልገደበው በቀር አሜሪካ ከመግባታችሁ በፊት ያለውንም ዘመን ይጨምራል። መልሱ አይደለም ከሆነ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ይበቃል። አዎ ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩ በሲምፕል ፓስት ይሰጣል፦ «የስ፣ አይ ዋዝ አረስቲድ ኢን 2016»።

«እመጣለሁ አለኝ» ለማለት «ሂ ሴድ ሚ አይ ዊል ካም» ብዬ ለምን አልተግባባንም?

ምክንያቱም በእንግሊዝኛው እንደዚያ ሲባል የሚመጡት እናንተ ሆናችሁ አረፋችሁ። አማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ አምጥቶ «አለ»ን ይጨምርበታል፤ እንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙንም ጊዜውንም ወደ ተራኪው ይመልሳል። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» ወይም «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ካም» ነው። «ሴድ» ሰሚውን በቀጥታ ስለማይቀበል «ሴድ ሚ» አይሆንም።

የጊዜው አለዋወጥ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው፦ «ኢዝ» ወደ «ዋዝ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ኬም» ወደ «ሃድ ካም»። የተባለው ነገር ዛሬም እውነት ከሆነ ግን አለመለወጥም ይቻላል፦ «ሺ ሴድ ሺ ሊቭስ ኢን ቴል አቪቭ»።

«ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» የሚለው በየትኛው ኃላፊ ጊዜ ነው?

እዚህ ላይ የኃላፊው ቅርጽ ጊዜን ሳይሆን ያልሆነ ነገርን ነው የሚናገረው። ስለ ዛሬ ሲሆን አንድ እርምጃ ወደኋላ ትሄዳላችሁ፦ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኢት»፤ ገንዘቡ የሌለው አሁን ነው። ስለ ትናንት ሲሆን ሁለት እርምጃ ትሄዳላችሁ፦ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ዩ»። አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ኖሮ» እና «ነበር» ሊል ስለሚችል ልዩነቱን ዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ጉዳዩ ነው የሚነግራችሁ። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖውን» በአሜሪካ ንግግር ቢሰማም በፈተና አይታለፍም።

«ምነው ባወቅኩ»ም በዚሁ ሕግ ይመራል። ስለ አሁን «አይ ዊሽ አይ ኒው»፣ ስላለፈው «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኖውን»። «ኢትስ ታይም ዊ ሌፍት» ስትሰሙም ማንም አልሄደም፤ ገና ሊሄዱ ነው።